መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ

«እንዲህ በደረቁማ አንነግራቸውም» አለ ዘገየ።

የድርጅቱ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነው፤ ጠዋት ከጋምቤላ መጥቶ አስተርጓሚዋን ኛኬርን ከጤና ኬላው ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ለብቻዋ አስጠርቷታል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የተፈቀደው ለደመወዝተኞች ብቻ መሆኑን አሁን ነግሯት መጨረሱ ነው። ኢንሴንቲቭ የምትባለውን ትንሽ አበል የሚቀበሉትን ስደተኛ ሠራተኞች፣ እሷንም ጨምሮ፣ አይመለከትም። ውሳኔው ከላይ ተፈርሞ መጥቷል።

«ጉዳዩ እየታየ ነው እላለሁ። አንቺም እንደዚያው ታስተላልፊያለሽ። ያንቺን ነገር ደግሞ ለብቻው ተነጋግረንበታል፤ ከመጪው ወር ጀምሮ ከተማ ቢሮ፣ በሙሉ ደመወዝ ትገቢያለሽ።»

 ከተማ ቢሮ መግባት ለኛኬር ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ጋምቤላ ወስዶ ማስተማር ማለት ነው፤ ዘገየም ይህን አላጣውም። ክፉ ሰው አይደለም። የተጫነበትን ነገር ማንንም ሳያስከፋ ከትከሻው ማውረድ ፈልጎ ነው።

በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ አስር ሰዓት ሲሆን የድርጅቱ መኪኖች ነርሶቹን ጭነው ወደ ከተማ ይመለሳሉ፤ የጸጥታ ደንብ ነው። በክረምት የኢታንግ መንገድ ጭቃ ከያዛቸው መኪና ውስጥ የተቀመጡበት ጊዜ በትርፍ ሰዓት ይታሰብላቸዋል። ይታሰብላቸው፣ ማንም አይመቀኛቸውም። ጤና ኬላው ግን አይዘጋም። ምጥ የያዛት ሴት መኪና ሄዷል ተብላ አትቀርም። በሩን የሚከፍቱት፣ ቃሬዛ የሚሸከሙት፣ ነርሷ ቤዛ በስልክ የምትላቸውን እየሰሙ እናቶችን የሚደግፉት እነዚሁ ባለ ኢንሴንቲቮች ናቸው። ኛኬርም ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ይዛ፣ የቤዛን አማርኛ ወደ ኑዌርኛ፣ የእናቶቹን ሕመም ወደ አማርኛ ስትመልስ ትቆያለች። አንዴም ደከመኝ ብላ ስልክ ዘግታ አታውቅም። እንዲህ ያለችውን ሴት አለማድነቅ ይከብዳል።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ ኒም ዛፉ ሥር፣ የሕሙማኑ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተሰበሰቡ። ዘገየ ስለ ድካማቸው አመሰገናቸው፤ ኛኬር ተረጎመች። እሷ ስትተረጉም «እሱ እንዲህ ይላል» አትልም። የተናጋሪውን ቃል እንደ ራሷ ቃል አድርጋ «እኔ» ብላ ነው የምታቀርበው።

«የትርፍ ሰዓቱ ነገር» አለ ዘገየ፣ «ገና እየታየ ነው።»

ኛኬር ይህን አልተረጎመችም። ቃሬዛ ተሸካሚው ሽማግሌ ዱዋል ያመለጠው ቃል ያለ መስሎት ወደ እሷ ዘንበል አለ። ወንድሞቿ ዓይኗ ላይ መጡባት። ፈራች።

«አቶ ዘገየ» አለች በአማርኛ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ «ይሄን ቃል በእኔ አፍ አልናገርም። ውሸት ነው። እርስዎ እውነቱን ይናገሩ፣ እሱን እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«የከተማውን ሥራ አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

 ዘገየ ሁሉንም ሳይቀባባ ተናገረው፤ ውሳኔው መፈረሙንም፣ ለእነሱ እንደማይከፈልም። ኛኬር አንዲት ቃል ሳታለሰልስ ተረጎመች። «ትርፍ ሰዓት አልከፍላችሁም» ስትል ቃሉ ከእሷ አፍ ወጥቷልና ሁሉም እሷን አዩ። ያን ሁሉ ዓይን ተቋቁማ ቆመች።

ዱዋል ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ልጄ፣ ንገሪው» አላት በኑዌርኛ። «አንጮህም፣ አንሳደብም። ከዛሬ ጀምሮ መኪና ሲሄድ እኛም ወደ ቤታችን እንሄዳለን።»

ኛኬር ወደ ዘገየ ዞራ ይህንኑ በአማርኛ አለችው። ያን ጊዜ ከውስጥ፣ ከማዋለጃው ክፍል፣ ጠዋት የገባችው ሴት ስታቃስት ተሰማ። ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ የቆመችው ቤዛ ወደ ኋላዋ ተመለከተች።

«የመጀመሪያ ልጇ ነው» አለች። «ገና ብዙ ይቀራታል።»

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። አስር ሰዓት ሆኗል። ከወንበሮቹ ላይ አንድ ሁለት ሰዎች ሊሄዱ ተነሱ።

ዘገየ መኪናውን አየ፣ የማዋለጃውን በር አየ፣ ከዚያ ሾፌሩ ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጁ ምልክት ሰጠው። ዱዋል አጠገብ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ።

«ውሳኔውን ለፈረመው አለቃዬ ልደውል ነው» አለ። «ሁላችሁም እንድትሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ። ኛኬር፣ እሱ የሚለውንም እኔ የምለውንም፣ ምንም ሳታስቀሪ ንገሪያቸው።»

ስልኩን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ሰዎቹ ዘረጋው። የተነሱት ተመልሰው ተቀመጡ። ኛኬር በእሱና በሠራተኞቹ መካከል ቆማ ወደ ወገኖቿ ዞረች።

«እየጠራ ነው» አለቻቸው።