ሰርካለም ያልዞረችበት ዳገት

ሰርካለምን በሩጫ የሚያስቸግራት እግሯ ሳይሆን አንገቷ ነበር።

ላሊበላ ውስጥ እንግዳ ማስጎብኘት ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። አስጎብኚ ከእንግዳው ፊት ፊት ይሄዳል፤ ደረጃ ሲደርስ ይዞራል፣ ዝቅ ያለ በር ሲያጋጥም ይዞራል፣ እንግዳው ጫማውን ሊያወልቅ ሲያጎነብስም ይዞራል። ይህ ልማድ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ገበያ ስትሄድ እንኳ ባሏ መከተሉን በየማዕዘኑ ዞራ ታያለች።

ከሹምሸሃ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ተነስቶ ከተማው ውስጥ የሚያልቀውን ግማሽ ማራቶን ሦስት ጊዜ ሮጣለች። በመጀመሪያው ሆዷን ለቆረጣት ልጅ ቆመች። በሁለተኛው እግሩ የተጠማዘዘበትን ሰው ደግፋ ጥላ ሥር አስቀመጠች። በሦስተኛው ማንም ምንም ሳይሆን፣ እንዲሁ ስትዞር ስትዞር ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጀባት። ምርጥ ሰዓቷ ይኸው ነው። ዘንድሮ ከሁለት ሰዓት ከሩብ በታች እገባለሁ፣ ካልገባሁ የመሮጫ ጫማዬን ለአዲሷ ልጅ ለፍሬ ሰጥቼ ሩጫውን እተወዋለሁ ብላ አስጎብኚዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ተናገረች።

«ሰርኬ፣ አንቺ እኮ አትሮጪም፤ ሯጮቹን ነው የምታስጎበኚው» አላት ደሳለ። ምላሱ ከእግሩ የሚፈጥን የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ እሱም ከሁለት ሰዓት ከሩብ በታች ገብቶ አያውቅም። «‹በስተቀኛችሁ ዳገት ይታያል፤ ቀስ እያላችሁ ውጡ!›» እያለ ድምጿን አስመሰለ።

«አንተስ አምና የት ነበርክ?»

«ከኋላሽ።»

«አውቃለሁ፤ አይቼሃለሁ።»

«ይኸው! አየሁት አለች!» ሰዉ በሳቅ አለቀ። ሰርካለምም ሳቀች፤ ግን ቆረቆራት።

ፍሬ በዚያ ዓመት ሥራ የጀመረች ወጣት አስጎብኚ ናት። ሥራውንም ሩጫውንም ያስለመደቻት ሰርካለም ነበረች፤ ግማሽ ማራቶን ስትሮጥ የመጀመሪያዋ ነው። ከውድድሩ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ልምምድ ጨርሰው ሲመለሱ ፍሬ ድንገት ቆመች።

«እታለም፣ አትቆጪኝ እንጂ አንድ ነገር ልንገርሽ። ዞረሽ ባየሽኝ ቁጥር ልወድቅ ነው እንዴ ብዬ እፈራለሁ። ደህና እየሮጥኩ ሳለ ጉልበቴ ይከዳኛል።»

ሰርካለም እስከዚያ ቀን ድረስ መዞሯን ደግነት እንጂ ሌላ ነገር ብላ አስባው አታውቅም።

በማግስቱ እንግዶች ይዛ ከቤተ ገብርኤል ሩፋኤል በሚያወጣው ጨለማ ዋሻ ስታልፍ ነገሩ ገባት። እዚያ ውስጥ መዞር አይጠቅምም፤ የሚታይ የለም። ሰርካለም በጆሮዋ ነው የምትመራው። የማን እግር እንደተደናቀፈ፣ የማን እጅ ግድግዳውን እንደለቀቀ፣ ፈርቶ ትንፋሹን የዋጠው የትኛው እንደሆነ ፊቷን ሳትመልስ ታውቃለች። ስንት ዓመት እንዲህ ስትመራ ኖራ፣ ዳገቱ ላይ ዓይን ለምን አስፈለጋት?

በውድድሩ ጠዋት ሹምሸሃ ላይ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነበር። በሜዳው ፍሬ ከኋላዋ ተከተለቻት። እርምጃዋ ቀላል ነው፤ ስትተነፍስ አፍንጫዋ በትንሹ ያፏጫል። ሰርካለም ያንን ፉጨት እየሰማች፣ ዓይኗን ከፊቷ ካለው ኩርባ ላይ ተክላ ሮጠች።

ዳገቱ ከጀመረ በኋላ ውኃ የሚታደልበት ቦታ ደረሱ። ሰው ተጋፋ፣ ኩባያ ተንኳኳ። ከዚያ ሲወጡ ፉጨቱ የለም። በምትኩ ከባድ እርምጃ መጣ፤ ግራ እግሩ ጠጠሩን ይፍቃል። ይህን አረማመድ በየዋሻው ስትሰማው ኖራለች፤ ደሳለ ነው።

ታዲያ ፍሬ የት ገባች?

አንገቷ በራሱ ሊዞር ተነሳ። ጡንቻው ሲወጠር ተሰማት። ወድቃ ይሆን? ሰርካለም ጆሮዋን ጣል አደረገች። በመንገዱ ዳር ከቅዳሴ የተመለሱ እናቶች ነጠላቸውን እንደለበሱ ቆመዋል፤ ከታች የሚሰማው እልልታቸው ብቻ ነው። የላስታ ሰው ደግሞ አጠገቡ ሰው ሲወድቅ ዝም አይልም፤ «ውይ! ያዟት!» ይላል፤ ጩኸቱም ሸለቆውን ይሞላዋል። «ውይ» ያለ የለም። ፍሬ አልወደቀችም ማለት ነው። ወደ ኋላ ቀርታ ከሆነም በራሷ እግር ነው የቀረችው።

አንገቷ ይህን ሁሉ አልሰማም፤ ዙሪ ዙሪ አላት። ከጭኗ ይልቅ እሱ አመማት። አልዞረችም።

«ሰርኬ… ዙሪና እይኝማ… ልሞት ነው!» አለ ደሳለ እያለከለከ።

«የሚሞት ሰው አያወራም!»

ከኋላዋ ሳቅና ሳል ተደባልቆ ተሰማ። ፍጥነት ጨመረች። የግራ እግሩ መፋቅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ከተማው ሲገባ ባጃጆቹ ጥግ ይዘው ክላክስ አደረጉላት፤ እሷም የመጨረሻውን ዳገት አፏን ከፍታ ወጣችው።

መጨረሻው መስመር ላይ የቆመው ሰዓት ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ደቂቃ ይላል። አነበበችው፤ ላቧን ጠርጋ ደግማ አነበበችው። ከዚያ በኋላ ነው የዞረችው።

ደሳለ ጥቂት ቆይቶ ገባና ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ። ሰዓቱን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ፤ እሱም ሩብ ሳይሞላ ገብቷል።

«እንዲህ ያለች አስጎብኚ አላየሁም» አለ ትንፋሽ ሲያገኝ። «ቲፑን ሻይ ቤት እንነጋገርበታለን።»

ሰርካለም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን መንገዱ ላይ ነበር። ወርዳ ፍሬን ልትቀበላት ሁለት ጊዜ ተነሳች፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሷን መልሳ አቆመች።

ብዙ ሰው ከገባ በኋላ ፍሬ ኩርባውን ዞረች፤ ፊቷ በላብ ጨው ነጥቷል፣ ግን እየሮጠች ነው። መስመሩን አልፋ ቀጥታ መጣችና ሰርካለም ላይ ተደገፈች።

«ውኃው ጋ የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ። ቀና ስል የለሽም» አለች። «እውነትም አልዞርሽም?»

«አልዞርኩም።»

«እሰይ!» ፍሬ አገጯን ቀና አደረገች። «ዳገቱን ብቻዬን ነው የወጣሁት። አንዴም አልቆምኩም። አንዴም!»

«ሰምቻለሁ» አለቻት ሰርካለም፤ «‹ውይ› ያለ ሰው አልነበረም።»

ፍሬ አልገባትም፤ ወደ ሰርካለም እግር ጎንበስ ብላ አየች። «ለእኔ የተባለው ጫማስ ታዲያ?»

«የራስሽን ግዢ» አለች ሰርካለም፤ የራሷን ጫማ ማሰሪያም አጥብቃ አሰረች።