ለአንድ ሰው የተሠራ ቤት

ሦስቱ ጓደኛሞች በየዓመቱ የጸደይ አበባ ሲፈነዳ አንድ አሮጌ ከተማ መርጠው በእግራቸው ያዳርሳሉ። ዘንድሮ ተራው የፌና ስለነበር የራሷን ከተማ፣ የሆላንዷን ሃርለምን መረጠች።

"አይ ስንፍና! ከደጃፍሽ ሳትርቂ ልታስጎበኚን?" አለቻት ገርዲን፤ ምላሷ ጅራፍ ነው።

ፌናን የያዛት ግን ስንፍና አልነበረም። በድሮው የሸማኔዎች ግቢ አንዲት ትንሽ ቤት ደርሳታለች፤ እስከ ዛሬ ማታ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለባት። ግቢው ስድሳ ዓመት ላለፋቸው፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሴቶች ነው። ወንድ ለጥየቃ ይገባል እንጂ አያድርም።

ጭንቋ ታዲያ ሦስተኛው ጓደኛቸው ሹርድ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ገበያ አብሯት ይወጣል፣ ስታዝን አጠገቧ ይቀመጣል፤ የልቡን ግን ተናግሮ አያውቅም። "ዝም አይነቅዝም" የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ይመስላል። ዛሬ ግቢውን አይቶ "ተይው፣ እኔ ጋ ኑሪ" ካላት ትተወዋለች። ያመጣችውም ለዚሁ ነው።

ሹርድ ግን ዓይኑ ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘል ዋለ። ከአንድ ድልድይ ሥር እንደ አገሩ ልማድ ጥሬ ዓሣ በሽንኩርት ገዝተው ወንዙ ዳር ቆሙ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና ጡቡ ሁሉ እንደ ታጠበ ፊት ያበራል። የቤቶቹ ግንባር ደረጃ እየሠራ ወደ ሰማይ ይወጣል። አንደኛው ወደ ጎን ዘመም ብሏል፤ ጎረቤቱ ትከሻ ሰጥቶታል። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለውን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ልብ የለውም።

"ተመልከቺ፣ ፌና" አለ ሹርድ። "ስንት መቶ ዓመት ተደጋግፈው! አንዱ ቢነሣ ሌላው ይወድቃል።"

ፌና ወደ እሱ ዞረች። ቀጥሎ የሚለውን ጠበቀች።

"ከመሠረቱ ሥር የተተከለው እንጨት በስብሶ መሆን አለበት" አለ።

ገርዲን የዓሣዋን ጅራት እንደያዘች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ወይ አንተ ሰውዬ! ሴት አጠገብህ ቆማ ስለበሰበሰ እንጨት ታወራለህ?"

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ዓሣህን ብላ።"

የግቢው በር ዝቅተኛ ነው፤ ጎንበስ ብለው ገቡ። ወዲያው የመንገዱ ጫጫታ ጠፋ። ነጫጭ ትንንሽ ቤቶች አንዲት አትክልት ቦታ ከበው ተቀምጠዋል፤ ግድግዳውን ተደግፋ ያደገች የፒር ፍሬ ዛፍ አብባለች። ገርዲን እንኳ ድምጿን ቀነሰች፤ ይህ በራሱ ተአምር ነው።

ግቢውን የሚጠብቁት አሮጊት፣ ወይዘሮ ክላሲና፣ ቤቱን ከፈቱላቸው። "እርስዎ እንደልብዎ ይመልከቱ። ጓደኞችዎ ግን ጫማቸውን ይጥረጉ!"

ከታች አንድ ክፍል፣ ከላይ አንድ ክፍል። ፌና እንደ መሰላል የቆመውን ደረጃ ብቻዋን ወጣች። መስኮቱ ወደ አትክልቱ ያያል፤ ብርሃኑ በወለሉ ሳንቃ ላይ ተኝቷል። ከአባቷ ቤት ወደ ባሏ ቤት ነበር የሄደችው፤ ከዚያ የባሏ ሕመም መጣ። እሱ ከሞተም በኋላ ቤቱ የእሱ ቤት ነው፤ ወንበሩ ሳይቀር የእሱን ጀርባ ቅርጽ እንደያዘ አለ። እዚህ ግን የእሷን እጅ የሚጠብቅ ማንም የለም። ደስ አላት፤ ደስታዋም አስደነገጣት።

ሹርድም ጎንበስ ብሎ በደረጃው ወጣ። ዞር ዞር ብሎ አየና ፊቱ ቀላ።

"ያምራል" አለ። "ግን ለአንድ ሰው ነው የተሠራው። የእኔ ቤት ሰፊ ነው፣ ፌና። ይኼንን ተይውና እኔ ጋ ኑሪ።"

ያ የተጠበቀው ቃል ይኸው መጣ። ትወደዋለችና እጁን ያዘች። ነገር ግን ጠረጴዛዋን መስኮቱ ሥር እንደምታደርገው አስቀድማ ወስናለች።

"ሹርድዬ፣ ትናንት ብትለኝ ኖሮ ይህንን ደረጃ አልወጣውም ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁን አየሁት።"

ሹርድ ወደ መስኮቱ ሄደ። አትክልቱን፣ የተከፈተውን አበባ፣ ብርሃኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ውሸት የማያውቅበት ሰው ነው።

"አንቺን ብሆን" አለ፣ "እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነበር።"

ፌና እያለቀሰች ወረደችና ለወይዘሮ ክላሲና "እገባለሁ" አለቻቸው።