የክንዴ ምስክርነት

በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ እጄና ክንዴ ሽፍታ ያወጣል። አስራ አንድ ዓመት ፀጉር ሳስተካክል ያልተባልኩት የለም። አንዱ ደንበኛ ገና ሲገባ፣ “ሽፍታው መጣ፣ እጅ ወደ ላይ!” ብሎ ቤቱን ሙሉ አስቆብኛል። ያን ዕለት ቶንዶሱ በእጄ ነበር፤ ጆሮውን ስለተውኩለት እስከ ዛሬ አላመሰገነኝም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ጠራኝና፣

“ሰው ይጋባብናል ብሎ እየሸሸ ነው። እስከ ሰኞ እንደማይጋባ የሐኪም ወረቀት ካላመጣህ ወንበርህን ለሌላ እሰጣለሁ” አለኝ።

የፈጀኝ እሱ ራሱ የሚገዛው ርካሽ የፀጉር ቀለም ነው ብዬ ስንት ዓመት ቂም ይዤበታለሁ! ዋጥ አድርጌው ሄድኩ።

የቆዳ ሐኪሟ ልጄ ብትሆን የማይገርም ወጣት ናት።

“ዝናቡ ባባራ ቁጥር ይወጣብኛል፤ ቀለሙ ነው፣ ዶክተር” አልኳት ገና ሳልቀመጥ።

“ቀለሙ ቢሆን ዓመቱን ሙሉ ያምዎት ነበር፣ ጋሼ። እስቲ ክንድዎን ያውሱኝ።”

ክንዴ ላይ በእስክርቢቶ ከአንድ እስከ አስር ቁጥር ጻፈች። በየቁጥሩ አጠገብ ጠብታ ጣል አድርጋ በቀጭን መርፌ ጫር፣ ጫር አደረገችው።

“ሃያ ደቂቃ እንጠብቅ። እንዳያኩ!”

“አለማከክ የት አውቄበት!”

ሳቀች፤ እኔ ግን ዓይኔን ከክንዴ ላይ መንቀል አቃተኝ። ሰባተኛው ቀስ እያለ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ትንኝ ንክሻ አበጠ። ጎረቤቶቹ ጭጭ ብለዋል።

“ሰባት ምንድን ነው?”

“የሳር አበባ ብናኝ። በዓይን እንኳ አይታይም።”

እኔ ከአራተኛ ክፍል አልዘለልኩም። አስተማሪዬ “እከካም” ብሎ የኋላ ወንበር ላይ ብቻዬን አስቀምጦኝ ነበር። ያ የተጠየፈው ቆዳ ለካ ዓይን የማያየውን፣ ነፋስ ያመጣውን ትቢያ ከአስር መሀል ለይቶ ያውቃል! ክንዴን የሌላ ሰው ክንድ ይመስል እያገላበጥኩ አየሁት።

“በሚቀጥለው ዓመት ወቅቱ ሳይገባ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ኪኒኑን ይጀምሩ” አለች እንደማይጋባ የሚመሰክረውን ወረቀት እየጻፈች። “አሁን ደግሞ በየቀኑ አንድ። ከውጭ ሲገቡ ይታጠቡ፣ ቅባቱን ይቀቡ፣ ልብስዎን ደጅ አያስጡ።”

ሰኞ ባለቤቱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሦስት ደንበኞች ተራ ይጠብቃሉ። ይቅርታ አላለኝም፤ እሱ እንደሆነ አይወጣውም። ሄዶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና ኮሌታውን ወደ ውስጥ አጠፈ።

“ከኋላ ጀምርልኝ” አለ ሁሉም እየሰማ።

በመስኮቱ ማዶ ሳሩ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ቶንዶሱን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ።

“ምን ሆንክ?”

“ምንም። መስኮቱን ልዝጋ ብዬ ነው።”