የሞተሩ ሙቀት

ገርባ መዳፉን በሞተር ብስክሌቱ ሆድ ላይ አሳረፈ። ብረቱ ይሞቃል። ደስ አለው። ሠላሳ ዓመት በቅሎ ሲገዛ ሲሸጥ መጀመሪያ የሚጨብጠው ጆሮዋን ነበር፤ ጆሮዋ የቀዘቀዘ በቅሎ የትም አታደርስም።

ጎማውን ረገጠ፣ ሰንሰለቱን ሳበ፣ በጎኑ የተገጠመችውን ባለ አንድ ጎማ ሣጥን በሁለት እጁ ነቀነቃት። ከሁሉም የፈለገው ሣጥኗን ነው። ሚስቱ ፋዲላ ሁሩታ ላይ ሙት ልጅ ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነው፤ ትኩሳቱ አልለቃትም። በቅሎ ላይ መቀመጥ አትችልም፤ በቃሬዛ ደግሞ እስከ አዳማ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሐኪም ወዳለበት አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ነገ ጧት አዳማን ይለቃል፤ ሌላው የሚመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ፋዲላ ሦስት ቀን የላትም።

«እስቲ ያስነሡት» አለ።

የሞተሩ ባለቤት፣ የአዳማው እህል ነጋዴ አቶ ኃይለየሱስ፣ መርገጫውን አንዴ ረገጠው። ተነሣ። ጓሮው ጭስ በጭስ ሆነ፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ገርባ አንድ ግሪክ ቤት ሲያገለግል መንዳት ተምሯል። የሞተርን ሕመም የሚያውቀው ግን የግሪኩ መካኒክ ነበር።

ልውውጡ ገርባ ከሁሩታ በመጣባት በቅሎ ነው። ገርባ ባደገበት ገበያ ሻጭ ገመዱን ከመልቀቁ በፊት የከብቱን ነውር ይናገራል፤ ሳይናገር የሸጠ ሰው ዳግመኛ ሰላም አይባልም።

«ወላሂ ጠንካራ ናት። ግን ወንዝ ትፈራለች። በግራዋ ሆነው ካልሳቧት አትሻገርም።» ገመዱን እንደያዘ ጠበቀ። «የእርስዎስ ነውሩ ምንድን ነው?»

«ማርያምን! ከእሁድ ወዲህ ከዚህ ጥላ ወጥቶ አያውቅም» አለ አቶ ኃይለየሱስ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ሦስት ቀን ያረፈ፣ ገላው የሞቀ፤ ምን ይፈለጋል? ገርባ ገመዱን ለቀቀ። በቅሎዋ ዞራ አየችው።

መንገድ ላይ አንዴም አላጠፋውም። ዴራ ላይ ውኃ ለምኖ የጠጣው እንኳ ሞተሩ እያንቀጠቀጠው ነው። ሁሩታ ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። የፋዲላ እናት ከሪማ ግን ጆሮዋን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«አጥፋው ልጄ! ራሷን እየፈለጠብን ነው። ደግሞ በዚህ ፀሐይ አትወጣም፤ የአስር ሰላት ይድረስ።»

አጠፋው።

ፀሐይዋ ስትበርድ ፋዲላን አጥበው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ ፍራሽ በተነጠፈባት ሣጥን ውስጥ አስተኟት። ገርባ መርገጫውን ረገጠ። ደገመ። ቤንዚኑን ፈተሸ፤ ገና ግማሽ አለ። እግሩ እስኪደማ ረገጠ። ጎረቤቱ ሁንዴና ወንድሞቹ ቁልቁል ገፉት፤ ሞተሩ አንዴ እንኳ አልሳለም። የፈላ ውኃ አምጥተው አፈሰሱበት፤ እንፋሎቱ ወጣና አለቀ።

«ተነሣ?» አለች ፋዲላ ከሣጥኗ ውስጥ።

«አሁን ይነሣል።»

መዳፉን እንደ ጧቱ በሆዱ ላይ አሳረፈ። ቀዝቅዟል። ያን ጊዜ ገባው። ከእሁድ ጀምሮ ከጥላው ያልወጣ ብረት ረቡዕ ጧት ማን አሞቀው? ሰውዬው ገዢ ሳይመጣ፣ ማልዶ፣ ማን ያውቃል ስንት ሰዓት ታግሎ፣ እዚያው ጥላው ሥር አስነሥቶ አሙቆታል። በማርያም ስም አልዋሸም። ገርባ በገዛ እጁ ነው የተታለለው፤ በሚተማመንበት እጁ።

ሰዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ አንድ ሁለት እያሉ ፈቀቅ አሉ። ከሪማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ዱዓዋን ጀመረች። ገርባ ከሣጥኗ አጠገብ ተንበረከከና እጁን ከብረቱ አንሥቶ የሚስቱ ግንባር ላይ አደረገ። ይፋጃል።

«እጅህ ደስ ይላል» አለች ፋዲላ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ቀዝቃዛ ነው። አታንሣው።»