ለእንግዳ የሚሆን ፊት

እና ጥርስሽ በትንሹ ይታይ፣ በጣም ከታየ ገበያ ያስመስላል፣ ትላለች እታገኝ፣ የፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ፣ አውራ ጣቷን ፓውደር አስነክታ የሃሌሉያን ጉንጭ ትጫናለች፣ ቁስሉ ላይ፣ ልክ ቁስሉ ላይ፣ ቅርፊቱ ሥር ያለው ሥጋ ይጮኻል፣ ሥራ የያዘ ሰው ግን አይጮኽም፣ ይኸውም ከሥልጠናው አንዱ ነው። ፊቷን የነጨችው በገዛ ጥፍሯ ነው፣ የወንድሟ የሉቃስ ሳጥን ጉድጓድ ሲገባ፣ ዛሬ አሥራ ስድስት ቀኑ። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት። ሥራ ስትገባ የመጀመሪያ ቀኗ። የሉቃስን ግራ ክንድ ከዚህ እንግዳ መቀበያ ጀርባ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ቆርቆሮ መቁረጫው በላው፣ በፒካፕ ጭነውት ሲሮጡ የባቡሩ ቁፋሮ መንገዱን ዘግቶት ከከባድ መኪኖች መሃል ቆሙ፣ ሳሪስ ሳይደርሱ ደሙ አለቀ፣ ፋብሪካው ደግሞ ቸር ነው፣ የሟቹን እንጀራ ለእህቱ ሰጠ፣ ጎረቤቱም ድንኳኑ ሳይነሳ፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አለ። ድግሱ ይኸው። ነጭ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ጉርድ፣ በአንድ ቁጥር የሚሰፋት ታኮ ጫማ።

ጥቁር ሻሽሽን አውልቂ፣ እንግዳው ለቅሶ ቤት የገባ እንዳይመስለው፣ እና እታገኝ ራሷ ትስበዋለች፣ ጸጉር ይዞ ይመጣል፣ ይቅርታ የለ፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ አጣጥፊ፣ አትቁለጭለጪ፣ ማስቲካ የለም፣ እሺ ጋሼ ምናምን የለም፣ ቃሉን ሳትውጪ፣ ቀስ ብለሽ፣ እንኳን ደህና መጡ ምን እንርዳዎት፣ በይ እስቲ፣ እንኳን ደህና መጡ ምን እንርዳዎት፣ መሬት መሬት አትዪ ዓይኑን እዪ፣ እቤት ታላቅ ሰውን ዓይን ዓይኑን ያየች ልጅ ጥፊዋን ትቀምሳለች፣ እዚህ ያላየች ትባረራለች፣ ሉቃስ ቢኖር በሳቅ ይሞት ነበር፣ ሲስቱካ ፈረንጅ ሆንሽ እኮ፣ ይሞት ነበር፣ ሞቷል፣ ጧ ይላል መቁረጫው ከግድግዳው ማዶ፣ ጧ፣ አሁንም ይሠራል፣ በማግስቱም ሠርቷል፣ ደሙን በመጋዝ ዱቄት አድርቀው። ጧ ባለ ቁጥር ትከሻዋ ይዘላል። ትከሻሽን ዘና አድርጊ፣ ትላለች እታገኝ።

ሀብተሚካኤል ከቢሮው ይወጣል፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ቀይ ከረባት አስሯል፣ ቀብሩ ላይ እናቷን አሰጋሽን አቅፎ ያለቀሰው እሱ ነው፣ እጅ እንዳይገባ የሚጋርደውን የመቁረጫውን መከለያ ቆሞ ያስፈታውም እሱ ነው፣ ሥራ ያዘገያል ብሎ፣ ሉቃስ ራት ላይ ነው የነገራት፣ መከለያውን አስወለቀው እኮ ሰውየው፣ አትፈራም ስትለው፣ አቦ አትደብሪ፣ ሽሮውን በትልቁ ጎርሶ። የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ የሚሉት ይሄ ነው። ዛሬ ከመንግሥት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ይላል ሀብተሚካኤል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ እህቱ ስለሆንሽ ያምንሻል፣ እንዲህ ትዪዋለሽ፣ ወንድሜ ሥራ ለማፋጠን ብሎ መከለያውን ራሱ ነው የፈታው፣ እቤት ሲያወራ ሰምቻለሁ፣ በቃ፣ አጭርና ግልጽ፣ እኛ በማግስቱ መልሰን ገጥመናል ብለን ጽፈናል፣ ገብቶ የሚያይ የለም፣ እዚሁ ማኪያቶውን ጠጥቶ ፈርሞ ነው የሚሄደው፣ ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፣ ገባሽ? ገብቶኛል ጌታዬ፣ ይላል አፏ፣ ዓይኗ ከረባቱ ላይ ነው፣ ጨብጣ ብትጎትተው፣ ኮሪደሩን ሙሉ መሬት ለመሬት ብትጎትተው፣ አገጩን ብረቱ ላይ አስደግፋ ፔዳሉን በታኮዋ ብትረግጠው፣ ጧ፣ እስክሪብቶ ማስቀመጫው ውስጥ መቀስ አለ፣ ረጅም፣ አንገቱ ላይ የምትመታ ሥር አለች፣ እዚያች ላይ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ነጩ ሸሚዝ ይበላሽ፣ ደስ ይለኛል ትላለች ለራሷ፣ እውነት ደስ ይለኛል። ግን ጠዋት እናቷ በር ላይ፣ ጥርስሽን ነክሰሽ ግቢ፣ ሌላ ልጅ የለኝም፣ ሌላ ደሞዝም የለኝም፣ ብላለች፣ እና መቀሱ ከቦታው አይነሳም። ፈሪ፣ ወንድምሽን ሁለተኛ ልትቀብሪው ነው፣ ፈሪ።

በሩ ይከፈታል። ሽበታም ሰው፣ ፋይል በብብቱ፣ ጫማው የቁፋሮ አፈር ብቻ። እንኳን ደህና መጡ ምን እንርዳዎት፣ ጥርሷ በትንሹ ይታያል፣ እጇ ሆዷ ላይ ነው፣ እታገኝ ከጎን ራሷን ትነቀንቃለች፣ ጎበዝ። ተቆጣጣሪው ጉንጯን ያያል፣ ፓውደሩን አልፎ ያያል፣ እህቱ ነሽ? እግዜር ያጥናሽ ልጄ፣ ይላል፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ግቢ ውስጥ ይህን ያላት ሰው የለም፣ ማኪያቶው ይመጣል፣ ፋይሉ ይገለጣል፣ ሀብተሚካኤል ያስላል፣ እና ከአፏ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይዋጥ፣ መከለያውን ራሱ ነው የፈታው፣ እቤት ሲያወራ ሰምቻለሁ። አለችው። አለችው፣ ምድርም አልተሰነጠቀችም። እስክሪብቶው ይጽፋል፣ ሟች፣ ራሱ፣ ፈታ የሚለው ቃል ፊደል በፊደል ይወጣል እሷ እያየችው፣ ሉቃስ ከሽሮው ቀና ብሎ ያያታል፣ አይቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻል ነበር፣ ከግድግዳው ማዶ ጧ፣ ዋሸሁ፣ ትላለች፣ ዋሽቻለሁ ጌታዬ፣ ይምጡ ላሳይዎት፣ እና እጅጌውን ይዛ፣ የሽማግሌ እጅጌ ይጎተታል እንዴ፣ ትጎትተዋለች፣ ማኪያቶው ፋይሉ ላይ ይደፋል፣ እታገኝ ሸሚዟን ከኋላ ትይዛለች፣ ቁልፎቹ ይበጠሳሉ፣ ክርኗን ወደ ኋላ ትሰነዝራለች፣ አጥንት ያገኛል፣ አፍንጫ ይሁን ጥርስ፣ እሰይ፣ አንዱን ታኮ ጥላ እያነከሰች ትሮጣለች።

መቁረጫው ባዶውን ነው፣ መከለያ የለውም። በሉቃስ ቦታ የተተካው ጎልማሳ እግሩ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ይደርቃል፣ እንዳትረግጥ፣ ትለዋለች፣ እና ግራ እጇን ስለቱ ሥር ትሰዳለች፣ እስከ ክርኗ፣ የላይኛው ስለት ከቆዳዋ በላይ ስንዝር አይሞላም፣ የማሽን ዘይት ይሸታል፣ ከዘይቱ ሥር ሌላ ነገርም ይሸታታል። ሀብተሚካኤል እያለከለከ ይደርሳል፣ ከረባቱ ትከሻው ላይ ዞሯል፣ አውጪ፣ እጅሽን አውጪ፣ ልጄ በናትሽ፣ አሁን ልጄ ሆነች፣ የጎልማሳው ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ቢከዳው አለቀ፣ ይቁረጣት፣ አይ አይቁረጣት፣ እናቷ አለች፣ ትፈራለች፣ ሽንቷ ሊያመልጣት ነው፣ እጇ ግን አይወጣም። ተቆጣጣሪው ቆሞ እጇን ያያል፣ ብረቱን ያያል፣ ማኪያቶ ያራሰውን ወረቀት ያያል። መከለያ ቢኖር እጄ እዚህ አይደርስም ነበር፣ ይጻፉት፣ ትላለች፣ ጽፈው እስኪፈርሙ አላወጣም።