ደመወዝተኛው ፍየል

«እዚያ ፓርክ ውስጥ የዱር የሚባል ነገር የለም» አለ ሹፌሩ፤ ከቁርስ ወዲህ ለስንተኛ ጊዜ እንዳለው እሱም አያውቀው። «ፍየሉ ሳይቀር ደመወዝተኛ ነው! ጨው ይበተንለታል፣ መጥቶ ይቆምልሻል፣ ታነሺዋለሽ፣ ይሄዳል። አገር የሚያወራው ነው እኮ።»

ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ከኋላ ወንበር ላይ ታዳምጠዋለች። አላመነችውም እንዳትሉ። እሷ እቴ! ባይነግሯትም የምትጠረጥር ናት። ሰፈሩ «ቀና በሉ» እያለ ነው የሚጠራት፤ በአባቷ ፎቶ ቤት ለመታወቂያውም ለሙሽራውም የምትለው እሱኑ ነውና። ትከሻ ታስተካክላለች፣ አገጭ ታነሳለች፣ መብራት ከጎን ታመጣለች። ያስተማራት የለም፤ በመጋረጃ ቀዳዳ እያየች የለቀመችው ሙያ ነው። ለዚህም ይሆናል ማንም እንዲነካባት የማትወደው።

አሁን የአባቷ ዓይን ደክሟል። ወንድሟ ደግሞ ቤቱን የሞባይል መሸጫ ሊያደርገው ቋምጧል። አባት ሁለቱንም አስቀምጦ ፈረደ። «ዕድሜ ልካችንን ሰው ስናስተካክል ኖርን» አላት። «እስቲ ማንም ቀና በል ያላለውን አንድ ፎቶ አምጪልኝ። ካመጣሽ ቁልፉ ያንቺ፣ ካላመጣሽ የወንድምሽ።»

ይህን ሁሉ ዳገት ያስመጣት ያ ቁልፍ ነው። አስመስላ ብትወስድለት አባቷ ላያውቅባት ይችላል። እሷ ግን ታውቃለች።

ፓርኩ በር ላይ አስጎብኚው ገባ። ቀጭን ነው፤ ቃል የሚወጣው በግድ ነው። ፏፏቴው ጋ አወረዳቸውና «ይሄ ፏፏቴው ነው» ብሎ እጁን አጣመረ። ውሃው ከጉም ውስጥ ወጥቶ ጉም ውስጥ ይገባል፤ ጭጋጉ ፊት ያረጥባል።

«ማታ ማታ ቧንቧውን ይዘጉታል» አላት ሹፌሩ በሹክሹክታ።

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ዓይኗ ገደሉን ሽቅብ ቧንቧ ይፈልግ ጀመር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ከጥዱ ጫካ በላይ፣ መንገዱ የሚጠመዘዝበት ጋ፣ አስጎብኚው መኪናውን አስቆመ። «አንዴ ጠብቁኝ» አለና ጃኬቱ ሥር የሆነ ነገር ወሽቆ ከቋጥኙ ኋላ ተሰወረ። ሰው እንዲህ ያለ ጊዜ ለምን እንደሚወርድ ይታወቃል፤ እሷ ግን ወረደችና ተከተለችው። መንገዱ ዳር ተንበርክኳል። እጁ ነጭ፣ ድንጋዩ ነጭ፣ አጠገቡ ከረጢት። ዘወር ሲል ፈጥና ተመለሰች።

«ምን አልኩሽ?» አለ ሹፌሩ ፊቷን አይቶ።

«ጋሼ፣ ዝም ብለህ ንዳ።»

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ከእግራቸው በታች ያለውን ሁሉ ውጦታል። ገደሉም ሸለቆውም የለም፤ ነጭ ብቻ። ከዚያ ነጭ ውስጥ አንድ አለት ብቅ አለ፣ አለቱ ላይ ደግሞ ፍየሉ። ሽማግሌ ነው። ቀንዱ እንደ ማጭድ ወደ ኋላ ተቆልምሟል፣ ጢሙን ነፋስ ይበትነዋል። ፀሐይ ከጎን አገኘችው። እሱም አገጩን አነሳ።

አስጎብኚው ክንዷን ያዘ። «አንሺው!» አላት። «አሁን! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ካሜራው ዓይኗ ላይ ነበር፤ ጣቷም ቦታው ላይ። ትከሻው ልክ ነው። አገጩ ልክ ነው። ብርሃኑ እሷ ራሷ ብታመጣው ከዚህ አይሻልም። ይህን አቋም ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ስንቱን ሙሽራ አቁማበታለች። እንዲህ ሆኖ በራሱ የሚቆም ፍጡር አላየችም። ደግሞስ ይህ ዝምተኛ ሰውዬ ዛሬ ምን አስጮኸው?

ካሜራዋን አወረደች።

«ማነው ቀና በል ያለው?» አለችው።

«እ?»

«ምንም። ደመወዙን ክፈሉት።»

አስጎብኚው አልገባውም። ፍየሉ አንዴ አያቸውና ዞረ፤ ጉሙም መልሶ ዘጋበት።

በሩ ጋ ሲወርዱ ኔትወርክ መጣ። ደወለች። «አባዬ፣ አልተገኘም። የሚያሳዩኝ ሁሉ የተደገሰ ነው። ቁልፉን ለሱ ስጠው።»

«ወንድምሽ አጠገቤ ነው ያለው» አለ አባቷ። «አስበሽበታል?»

«ስጠው አልኩ እኮ!»

ከወዲያ የቁልፍ መንኳኳት ሰማች፤ ከዚያም ወንድሟ ለአንድ ሰው «በል፣ መደርደሪያዎቹን አምጣ!» ሲል። ስልኩን ዘጋች።

አስጎብኚው ከጥበቃው ቤት ጀርባ ከረጢቱን ጉድጓድ ውስጥ ሲያራግፍ ደረሰችበት። ንዴቷን የምታወርድበት ትከሻ አገኘች።

«ለነገ እንግዳም አትተውለትም? ተንበርክከህ ስትበትን አይቼሃለሁ!»

«ስለቅም ነው ያየሽኝ» አለ ቀና ሳይል። «የሚበትኑትማ ሹፌሮቹ ናቸው፣ እንግዳቸው ደስ እንዲለው። ጠዋት አንቺ ሳትነሺ ያንቺውም ጨው ይዞ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ከበሩ አይቼዋለሁ። እንስሳው አስፋልት ዳር ጨው ሲልስ መኪና ይገጨዋል። ሰው በሰው ፊት ማሳፈር ስለማልወድ ነው ተደብቄ የማነሳው።»

ዞራ ሹፌሩን አየችው። ሹፌሩ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። «ይሄ ነገር አየር ጎድሎታል መሰለኝ» አለ ለማንም።

«እና… ፍየሉ የቆመበትስ? እዚያስ ማን በተነ?»

አስጎብኚው ከረጢቱን አጠፈና ሽቅብ በአገጩ አመለከታት። ጉሙ ተገልጦ ነበር። አለቱ ከሁሉም ተነጥሎ፣ ዙሪያውን ገደል ታጥቆ፣ ብቻውን ቆሟል።

«እዚያማ» አላት «የሰው እግር ደርሶ አያውቅም።»