የተመረገው ቀዳዳ

መጋቢት 19 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጉጉቷ አልጮኸችም።

ከእናቴ ከየብርጓል መኝታ በላይ፣ በውጭ በኩል ከቆርቆሮው ሥር፣ ጭቃው የረገፈበት ቀዳዳ አለ። ጡጫ የምታክል ጉጉት ትኖርበት ነበር። ሲመሽ ብቅ ብላ በቀጭኑ ትጮኽና ወደ ጎተራው ትበራለች። እናቴ ከደብረ ማርቆስ መድኃኒት ይዛ ከተመለሰች ወዲህ አጥሚት መጠጣት፣ ተደግፋም ደጅ መቀመጥ ጀምራ ነበር።

"ይኸው ጠራችኝ" ትላለች እየሳቀች። "ትጥራ። አይጡን ሳትጨርስልኝ አልሄድም።"

ታናሽ ወንድሟ አበረ አይስቅም። ጉጉት በሽተኛ ካለበት ቤት ከጮኸች ሞት ትጠራለች ይባላል። የዚያን ቀን እናቴ ደጅ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ጭቃ በጭድ አቡክቶ በጓሮ በኩል ወጣና ቀዳዳውን መረገው።

"እንግዲህ ትጥራ፣ ድምፅ ካላት" አለኝ። እጁን ሲታጠብ ውሃ የማፈስለት እኔ ነበርኩ።

ሲመሽ እናቴ ጆሮዋን ጣለች።

"ሥራነሽ፣ ዛሬ አልጮኸችም?"

"አልጮኸችም፣ እማየ።"

"እንግዲያ ጨርሳለች።"

"ምኑን?"

"መጥራቱን ነዋ። እናቴንም ስትጠራ ሰንብታ፣ ዝም ባለች በማግስቱ ነው የሞተችው።"

በማግስቱም ዝም ሆነ። እናቴ አጥሚቱን መለሰችው፤ መድኃኒቱንም። የንስሐ አባቷን ቄስ ሙላትን አስጠራች። እሳቸው ከሄዱ በኋላ አበረ እግሯ ሥር ተቀመጠ።

"እታለም፣ የጉጉቷን ቀዳዳ እኔ ነኝ የደፈንኩት። ጊዮርጊስን።"

"አንተ ከልጅነትህ ውሸት አያምርብህም።"

"እውነቴን ነው።"

"ለእኔ ብለህ በሐሰት አትማል፣ አበርየ። ጾም ነው።"

ተነሥቶ ወጣ። ምርጊቱን በዶማ ሲያፈርሰው ከውስጥ ይሰማን ነበር። ሲመለስ ጉጉቷን በመዳፉ ይዟት ገባ። ሞታለች። ጭቃው ክንፏ ላይ ደርቋል።

እናቴ ጭቃውን ከላባዋ ላይ በጣቷ አራገፈችላት።

"ምስኪን፣ ሥራዋን ጨርሳ ዐረፈች" አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አበረ አጥሚቱን አሙቆ ቢያመጣ፣ ቢለምናት፣ አልዞረችም።

መጋቢት 26 ቀን ዐረፈች።

ለአርባዋ ጎተራውን ስንከፍት ጤፉን አይጥ ጨርሶታል። የተዝካሩን እህል አበረ ከአምበር ገበያ በፈረስ ጭኖ አመጣ።